ኮምፒውተሩ ላይ የቆመው ባለ ኮፍያ

ይሄን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። ጅቡቲ ሰፈሩ ራሱ በቁጥር ነው የሚጠራው፣ ቁጥር ያላወቀ ሰው ቤቱንም አያገኝ። ታሪኩ የእሷም ስለሆነ ፊት ለፊት «አንቺ» እያልኩ ባወራ ለራሷ ታሳምረዋለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እንደ ሌላ ሰው ልጅ «እሷ» እያልኩ ነው የምናገረው። ይኸው ከአሁኑ አኮረፈች። ጻፊ፣ ጻፊ።

ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን የሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ ፈረንሳዮች የሠሩት ግድግዳው ወፍራም የሆነ ቤት ውስጥ አንድ የትራንዚት ቢሮ ነበረ። ከወደብ ኮንቴይነር ያስወጣል፣ በከተማው መውጫ በፔካ 12 በኩል ወደ አገራችን ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄዱት መኪናዎች ያስጭናል። እኔ ጽዳት ነበርኩ። ከሁሉም ቀድሜ የምገባው እኔ፣ ቁልፉም ያለው እኔ ጋ፣ ሻይም የማፈላው እኔ።

ከኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ ሰርቨር የሚባል ማሽን ቀን ከሌት ያንኮራፋል። የኮንቴይነሩ ሁሉ ነገር እሱ ሆድ ውስጥ ነው አሉ። ፓትሮኑ፣ ማለት የቢሮው ጌታ፣ በቬንትሌተር ላቡን እየጠረገ ሲሠራ ለዚህ ማሽን ግን ለብቻው ክሊማቲዘር፣ ያ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው፣ ተገጥሞለታል። እኔም ሙቀት ሲብስብኝ «ልወልውል» እያልኩ እሱ ጋ ገብቼ እቀመጥ ነበር። አንድም ቀን ውጪ ብሎኝ አያውቅም፤ ከብዙ ሰው ይሻላል።

ክፉ ጠባዩ አንድ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ይነሳል፣ የኮንቴይነሩ ፕሮግራም ግን አብሮት አይነሳም። ሰው ገብቶ፣ ከጎኑ ባለችው አሮጌ ኮምፒውተር ማዘዣ ገጹን ከፍቶ፣ አረንጓዴዋን ምልክት መጫን አለበት። በጅቡቲ ሙቀት መብራት ስንቴ እንደሚሄድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይሄ ሥራ የማን ነው? የኢንጅነሩ ነው። ኢንጅነሩ ደግሞ ጠዋት መነሳት አይወድም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ጫቱ ስለሚገባ ከሰዓትም የለም። በመሀል ላይ ያለችውን ሰዓት ስልክ ያወራባታል።

አንድ ቀን መጣና፣ «እማማ፣ አቦ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለኝ። እናቱ የድሬዳዋ ናት፤ የድሬ ልጅ አንቱ አያውቅም፣ እኔም ከዚያው ስለሆንኩ አልቀየምኩትም።

«ይቺን ኮምፒውተር ታበሪያለሽ። ጥቁር ላይ ቁጥር ደርድራ ከጠየቀችሽ ቀኑን ሙይላት። መጀመሪያ ወር፣ ቀጥሎ ቀን፣ ቀጥሎ ዓመት። መብራት ሲሄድ ቀኑን ትረሳለች፣ አርጅታለች።»

«እንደኔ ማለት ነው።»

«ወላሂ አንቺ አትረሺም። ከዚያ ይሄን ትከፍቺያለሽ። ይሄ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ይመጣል።»

እውነትም መጣ። ኮፍያውን ያጠለቀ፣ ልክ ድንበሩ ደወሌ ላይ ባቡር ውስጥ ገብቶ ወረቀት የሚጠይቀውን ፖሊስ የሚመስል ትንሽ ሰውዬ። ከጎኑ ብዙ ጽሑፍ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ምንም አይልም፣ ዝም ብሎ ይለፈልፋል። እዚህ ትጫኚያለሽ፣ እዚህ ትጫኚያለሽ፣ እዚህ ትጫኚያለሽ። ሦስቴ። ከዚያ የይለፍ ቃሉን፣ ከዚያ አረንጓዴዋን። በቃ!»

የይለፍ ቃሉን በፊደል ሳይሆን በጣቴ ነው የያዝኩት፤ ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው ጣቴ ራሱ መንገዱን ያውቃል። እንዲህ ሆኜ እኔ፣ ስሟን መጻፍ የማትችል ሴትዮ፣ የቢሮውን ሰርቨር ስንት ዓመት አስነሳሁት። ባለ ኮፍያውን «እንደምን አደርክ» እለዋለሁ፣ ሦስቴ ሆዱን እጫነዋለሁ፣ ያሳልፈኛል። በሌሎቹም ኮምፒውተሮች ላይ እሱው ነው ያለው። ጸሐፊዋም፣ ገንዘብ ያዡም፣ ፓትሮኑም በየጠዋቱ ሦስት ሦስቴ ይጫኑታል። ሁሉም ፈረንሳይኛ አንባቢ ናቸው። አንድም ያነበበው አልነበረም።

አሁን ወደ እሷ ልምጣ።

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ተምራ ጨረሰች። ሥራ ግን የለም። ልጄ፣ ማለት እናቷ፣ የኩዌት ወረቀት አስጨርሳላታለች፤ ፎቶው ተነሥቷል፣ ምርመራው ተደርጓል፣ እዚያ ሄዳ ሰው ቤት ልትሠራ። እኔ ሰው ቤት ሠርቼ ልጄን አሳደግኩ፤ ልጄም ሰው ቤት ሠርታ እሷን አሳደገች። አሁን ሦስተኛዋም ኮምፒውተሩን በጭንቅላቷ ይዛ መወልወያ ልታነሣ ነው። ይሄ እንቅልፍ ነሳኝ። ለፓትሮኑ ሻይ ይዤለት ገባሁና፣ «የልጅ ልጄን ለአንድ ወር ስታዥ፣ ለሥራ ልምምድ፣ አስገባልኝ፣ ደሞዝ አልልህም» አልኩት። ፓትሮኑ ሶማሌ ነው፣ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛ ይችላል። ሻዩን ጠጣና «ትምጣ» አለ። ለሻይ ብሎ ነው፤ ቅርንፉድ አብዝቼበት ነበር።

እሷ በመጣች በሁለተኛው ቀን መብራት ሄዶ አደረ። እኔ እንደ ልማዴ ገብቼ ባለ ኮፍያውን ልጫነው ስል ከኋላዬ ቆማ ጮኸች።

«እቴቴ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሥራዬን ነዋ።»

«ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ዝም ብሎ ይለፈልፋል።»

አነበበችልኝ። «‹ይሄ ሰርቨር እውነተኛው መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልኩም› ይላል። ‹ሌላ ሰው እሱን መስሎ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ይለፍ ቃልህን ሊሰርቅህ ይችላል። ካልገባህ ውጣ› ይላል።»

ጣቴን ሰበሰብኩ። ስንት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርክ» እያልኩት እሱ ለካ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ነው የሚመልስልኝ።

«ታዲያ ሌባ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አይደለም፣ ያው የኛው ሰርቨር ነው። ግን የያዘውን ወረቀት ራሱ ነው የፈረመው። ‹እኔ እኔ ነኝ› ብሎ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ማኅተም መትቶ፣ ራሱ ያሳያል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ‹የሚያውቅህ ሰው የፈረመበት አምጣ› ይለዋል።»

ይሄን ስትል ሳቄ መጣ። ለምን እንደሳቅኩ ያን ቀን አልነገርኳትም፣ ዛሬ ትጽፈው።

እዚህ አገር የመጣሁት ልጄን፣ እሷን በጀርባዋ አሳዝዬ፣ ወደቡ በኢትዮጵያ ዕቃ በተጥለቀለቀ ጊዜ ነው። ሄሮን አንዲት ፈረንሳዊት ሠራተኛ ትፈልጋለች አሉኝ። ግን ረፈራንስ ትጠይቃለች፤ በፊት የሠራሽላት እመቤት የጻፈችው ወረቀት። የድሬዎቹ እመቤቶቼ ወረቀት የሚባል አያውቁም፤ እኔ የትኛዋን እመቤት ላምጣ? ገበያው ጋ በረንዳ ላይ የጽሕፈት መኪና ይዞ የሚቀመጥ ሰውዬ ነበር፣ እሱ ጋ ሄድኩ።

«ምን ልበል?» አለኝ።

«ታማኝ ናት በል። ሳህን አትሰብርም። ሾርባዋ ግሩም ነው። እግዚአብሔርን ትፈራለች በል።»

«ማን ይፈርም?»

«እኔ።»

«አንቺ ስለ አንቺ?»

«ከኔ በላይ እኔን ማን ያውቃል?»

ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀና አገሯ የገባች አንዲት ማዳም ፈጥሮ እንደ ጥልፍ የተጠማዘዘ ፊርማ አኖረበት። ፈረንሳዊቷ አነበበች፣ አየችኝ፣ ግቢ አለችኝ። ሾርባ ሠርቼ አላውቅም ነበር። በወሩ ሠራሁ፣ እንግዲህ ወረቀቱን ላስዋሽ?

ፈረንሳዊቷ ስንት ጊዜ ቆይታ ነው፣ እጄን ይዛ፣ «ወረቀቱን አንቺ እንደጻፍሽው ያን ቀኑን ነው ያወቅኩት» አለችኝ። «እንዴት?» ብላት፣ «የትኛዋ ፈረንሳዊት ናት ለሠራተኛዋ ‹እግዚአብሔርን ትፈራለች› ብላ የምትጽፈው? እኛ ራሳችን አንፈራውም» አለችኝ። ታዲያ ለምን አስገባሽኝ ስላት «ሌላ መንገድ አልነበረኝም፣ ቤቱ ቆሽሾ ነበር» አለች።

እና ሰርቨሩ ራሱ ፈረመ ሲሉኝ ለምን ልናደድበት? እንደ እኔው ነው። ራሱን የፈረመ ሁሉ ሌባ አይደለም። የሚያውቀው የለም፣ ያ ነው።

እሷ ግን ይሄን አልተቀበለችም። «እቴቴ፣ ነገሩ የሱ ሌባ መሆን አይደለም» አለች። «እናንተ ሁላችሁ ሳታነቡ መጫን ለምዳችኋል። አንድ ቀን የእውነት ሌባ መሀል ገብቶ ቢቆም ይሄው ሰውዬ ይመጣል፣ እናንተም ሦስቴ ጫን ጫን አድርጋችሁ የይለፍ ቃሉን በእጁ ታስረክቡታላችሁ።»

ገባኝ። ሰፈራችን አንድ ውሻ ነበር። ቅጠል ሲወድቅ ይጮሃል፣ ዝንብ ሲያልፍ ይጮሃል። ሌባ የገባ ቀን ጮኸ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ዝም በል!» ብሎት ተገልብጦ ተኛ። በማግሥቱ ምንጣፉም ውሻውም የሉም።

«መድኃኒቱስ?» አልኳት።

«ለቢሮው አንድ ዋስ እሠራለሁ። ዋሱን በየኮምፒውተሩ እየዞርኩ አስተዋውቀዋለሁ። ከዚያ ዋሱ ለሰርቨሩ ይፈርምለታል። ኮምፒውተሮቹ ፊርማውን ሲያዩ ‹አሃ፣ የሱ ሰው ነህ› ብለው ያለ ወሬ ያሳልፉታል።»

ይሄን ለኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ከድሬ ለሚመጡት ልጆች ስንቴ ተያዥ ሆኛለሁ። «የእህቴ ልጅ ናት» ስል ማዳሞቹ በር ይከፍታሉ። እህት የለኝም።

ለኢንጅነሩ ነገረችው። ሳቀባት። «አቦ ይሄ ሁሉ ለምን? ጫን ጫን አርጎ ማለፍ ነው። አያትሽ እንኳን ችላዋለች።» ወሩም ማለቅ ጀመረ፣ ኩዌትም ቀረበ።

አምላክ ከአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ላከልን። ዘጠኝ ኮንቴይነር ያለው፣ ሆዱ ከበሩ ቀድሞ የሚገባ። ፓትሮኑ ጎኑ አስቀምጦ ዕቃው የት እንደደረሰ ሊያሳየው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ባለ ኮፍያው ብቅ አለ። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ነጋዴው።

«ምንም አይደለም» አለ ፓትሮኑ፣ ሊጫን ጣቱን ዘረጋ።

«ቆይ እስቲ፣ ምን ይላል?»

ፓትሮኑ ማንበብ ጀመረ። ገና መጀመሩ ነው፣ በስንት ዓመቱ። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፁ ቀነሰ፣ አራተኛው ላይ ጠፋ። ነጋዴው ሻዩን አስቀመጠና «ዕቃዬ ያለው ሌባ ጋ ነው ማለት ነው?» አለ። እየቀለደ ይመስላል፣ ግን ሻዩን አልጨረሰም።

ሰውዬው እንደወጣ ፓትሮኑ ሁሉንም ጠራ። «ይሄን ባለ ኮፍያ ከዚህ ቢሮ አውጡልኝ!»

ኢንጅነሩ፣ «ፓትሮን፣ እሱ ቀላል አይደለም፣ ከውጭ የሚገዛ ነገር ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል...» ማለት ጀመረ።

እሷ ከበሩ አጠገብ፣ «እኔ አወጣዋለሁ። ምንም አይገዛም» አለች።

ፓትሮኑ ገና ያያት ይመስል አያት። «እስከ ሐሙስ» አለ። «ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። ሰውዬው ከሌለ ከኢንጅነሩ ጎን ያለው ወንበር ያንቺ ነው። ካለ ስታዥሽ አልቋል፣ ከአያትሽ ጋር ሻይ ጠጥተሽ ትሄጃለሽ።»

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ስትሠራ ከረመች። ዋሱን ሠራች። ለየኮምፒውተሩ እየዞረች አስተዋወቀች። እኔ እየተከተልኳት አቧራውን እጠርጋለሁ፤ እግረ መንገዴን «ይሄ የኛ ሰው ነው፣ አደራ» እላቸዋለሁ ለኮምፒውተሮቹ። መጨረሻ ላይ ረቡዕ ከምሳ በፊት ወደ ጠባቧ ክፍል ገብታ ያቺንም አሮጊት ኮምፒውተር አስተካከለች። «እቴቴ፣ ነይ እይ» አለችኝ። ከፈተችው። ሰውዬው የለም! እንዲሁ በቀጥታ ገባ፣ ከላይ አንዲት ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ብቻ። እልል ልል አፌን ስከፍት በእጇ ያዘችኝ።

«ቀኗ ጠፍቶባት ነበር፣ እሱንም አስተካክዬዋለሁ» አለችኝ። እኔ አልሰማሁም፤ ደስታ ጆሮ ይደፍናል። «ደግሞ ነገ ጠዋት ምንም እንዳትነኪ። አብሪያትና ተያት። ማዘዣ ገጹን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ ፓትሮኑ ባለበት።»

«እሺ እመቤቴ።»

ሐሙስ ስገባ መብራት ሄዶ እንዳደረ ወዲያው አወቅኩ፤ ሻይ የማፈላባት ክፍል ውስጥ፣ ማቀዝቀዣው ሥር ውሃ ተኝቷል። ወለወልኩ። ኮምፒውተሯን አበራሁ። እንደ ሁልጊዜዋ ጥቁር ላይ ቁጥር ደርድራ ቀኑን ጠየቀችኝ። የልጅ ልጄ አትንኪ ያለችው ማዘዣ ገጹን ነው፤ ቀን መሙላት ማብራት ውስጥ ነው። ያን ቀን ደግሞ ለእሷ ብዬ፣ እንዳልሳሳት፣ ሁለቴ አይቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ሞላሁላት። ተውኳት።

ፓትሮኑ መጣ። ኢንጅነሩም በተአምር በጠዋት መጣ፤ የሰው ውድቀት ሊያይ ሲሆን ይነሳል። መብራት ሄዶ ስላደረ የኮንቴይነሩ ፕሮግራም ተኝቷል፣ ማስነሣት ያለባት ያቺው አሮጊት ናት። ሁላችን ጠባቧ ክፍል ውስጥ ታጎርን። እሷ ተቀመጠች፣ ከፈተች።

ባለ ኮፍያው ቆሟል።

ሰርቨሩ ብቻ ያንኮራፋል። እንደገና ከፈተችው። እንደገና ቆሟል። ኢንጅነሩ ሳቁን በጉሮሮው አደረገና፣ «አቦ አልኩሽ እኮ» አለ።

ፓትሮኑ ሰዓቱን አየ። «በይ እንግዲህ» አለና ወደ በሩ ዞረ። «ሦስቴ ተጫኑና አስነሡት፣ መኪና ቆሟል።»

እሷ እጇን እንደ ቢሮው ልማድ ወደ መጫኛው ሰደደች። ኩዌት በዓይኔ መጣች፣ ወለሉ፣ መወልወያው። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፣ አንድ ነገር ብቻ ከአፌ ወጣ።

«አንብቢው እንጂ!» አልኳት። «አንቺ አይደለሽ ሳያነቡ አትጫኑ ያልሽ? ምን ይላል?»

ፓትሮኑ በሩ ላይ ቆመ። እሷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «የተለየ ነገር ነው የሚለው» አለች ቀስ ብላ። «ዋሱን አውቆታል። ‹ግን ይሄ ወረቀት ገና አልጀመረም› ይላል። ‹የሚጀምረው በ2016 ነው። ዛሬ ሴፕቴምበር 2008 ነው።›»

«2008?» አለ ኢንጅነሩ። «አብዷል።»

«ምን አብዷል?» አልኩ እኔ። «ወሩን ነው የሳተው እንጂ ዓመቱ ልክ ነው። 2008 አይደል እንዴ? ወሩም ግንቦት ነው፣ ዘጠኝ። ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ ነኝ የሞላሁለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር አይቼ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ነው ቀስ እያለ የገባኝ። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ ያቺን ኮምፒውተር በየጠዋቱ አገሯ ስመልሳት ኖሬያለሁ። ለካ የልጅ ልጄን መቃብር በመነጽር ነው የቆፈርኩላት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ ምንም አላጠፋችም። ቀን ሲጠይቀኝ የኛን ነው የምሞላው። ሌላ ቀን እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ያቺ ኮምፒውተር የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነች ማን ነገረኝ? ደግሞ አስቸግራኛለች እኮ! በጳጉሜ አሥራ ሦስት ብዬ ብሞላ እምቢ አለችኝ፤ ነሐሴን ደግሜ ሰጠኋት። ሁለተኛው ወር ላይ፣ ጥቅምት ሠላሳን አትቀበልም፤ እየተለማመጥኩ ሃያ ስምንት አደረግኩላት። ጉዷን እያየሁ ዝም ያልኩት ያረጀች ናት ብዬ ነው።»

ፓትሮኑ ግድግዳውን ይዞ ተንሸራተተ። ያመመው መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በኛ ቀን ስለሚጻፍ ይሄ ነገር እሱንም ስንቴ አናዶታል። እየሳቀ የወለል መወልወያ ባልዲዬ ላይ ተቀመጠ፣ ውሃ እንዳለበትም አላየም። «ጳጉሜ!» ይላል፣ «ያረቢ፣ ጳጉሜን ሰርቨሬ ውስጥ!»

እሷ በዚህ መሀል ጣቷ አልቆመም። ቀኑን አስተካከለች፣ ገጹን ዘጋች፣ ከፈተች። ቁልፏ ብቻ። ሰውዬው የለም። አረንጓዴዋን ተጫነች፣ ከፊት ለፊት ጸሐፊዋ «መጣ! መጣ!» ብላ ጮኸች።

ፓትሮኑ ከባልዲው ተነሣ፣ ሱሪው ረጥቦ። ሳቁ ሄዷል። «አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «የሰርቨሬን የይለፍ ቃል ለጽዳት ሠራተኛዬ ማን ሰጣት?»

ኢንጅነሩ እኔን አየኝ። ዕጣው በእኔ አንዲት ቃል ላይ ነው፤ ስሙን ብጠራ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

«ማንም አልሰጠኝም» አልኩ። «በመንፈስ ነው የተገለጠልኝ።»

ፓትሮኑ ወደ ኢንጅነሩ ዞረና፣ «ይሄ መንፈስ ጫት ይቅማል?» አለው።

«አልፎ አልፎ» አለ ኢንጅነሩ ወደ መሬት እያየ።

ወንበሩ ተሰጣት። ግን ሠራተኛ ሲቀጠር ዋስ ይፈርማል፣ የቢሮው ደንብ ነው። እኔ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ስመጣ ፓትሮኑ መለሰኝ። «አንቺ አትሆኚም። አንቺ ለእሷ ፈረምሽ ማለት ራሷ ለራሷ ፈረመች ማለት ነው። ባለ ኮፍያው ተመልሶ ይመጣብኛል።» ታዲያ ማን ይፈርም? ሦስታችንም ወደ አንድ ሰው አየን። ኢንጅነሩ ወረቀቱን ተቀበለ፣ ነገሩን እንደ ኪኒን ዋጠው፣ ፈረመ። በጠዋትም መምጣት ጀመረ፤ ዋስ የሆነላት ልጅ ቦታውን እንዳትወስድበት።

የኩዌቱን ወረቀት ልጄ ሁለት ቀን በእጇ ስታገላብጠው ከረመች። ኋላ የምግብ ጠረጴዛችን አንድ እግሩ ያጠረ ስለነበር አራት አጥፋ ሥሩ አደረገችው። ዛሬም እዚያ ነው፣ ጠረጴዛው አይነቃነቅም።

የልጅ ልጄ በሥራዋ መጀመሪያ ሳምንት ምን አደረገች? ለአሮጊቷ ኮምፒውተር አዲስ ባትሪ አስገባች፣ ቀኑን ራሷ እንድታውቅ። ፕሮግራሙም ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሣ አደረገች። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ቀየረች። ለማን አልነገረችም? ለኔ።

«አታምኚኝም?» አልኳት። «ስንት ዓመት ያስነሣሁትን?»

«እቴቴ፣ አንቺን አምናለሁ» አለች። «ጳጉሜን ነው የማላምናት።»

አሁን ጠባቧ ክፍል የምገባው ለመወልወልና ለመቀዝቀዝ ብቻ ነው። አንዳንዴ ባዶ ስክሪኑን እያየሁ «እንደምን አደርክ» እላለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም።